ግራፉን የሚመርጠው ማሰሪያ አንቀጹ ነው

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነኝ። ከ14 ቀበሌዎች የተሰበሰበውን የምርትና የማዳበሪያ ሥርጭት መረጃ፣ ከ5 ዓመት የዝናብ መረጃ ጋር፣ ለቀበሌ ተወካዮችና ለወረዳው አመራር በግራፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ኤክሴል ብዙ ዓይነት ግራፍ ይሰጠኛል፤ የትኛው ለየትኛው መረጃ እንደሚስማማ ግን በእርግጠኝነት አላውቅም። የቅርብ ኃላፊዬ ሁሉም ነገር በባለ ሦስት ገጽታ ፓይ ቻርት እንዲሠራ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ዝናቡንና ምርቱን በአንድ ግራፍ ላይ ላዋህዳቸው አስቤ ነበር። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ በየወረዳውና በየዞኑ ሪፖርት የሚያዘጋጁ ብዙ ባለሙያዎች የሚጋሩት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። ስታቲስቲክስ ባስተማርሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ተማሪዎች የግራፎቹን ስምና አሣሣል በአንድ ሳምንት ይጨርሱታል፤ የሚከብዳቸው የትኛውን መቼ እንደሚጠቀሙበት መለየቱ ነው። ለእነርሱ የምነግራቸውን ለእርስዎም ልንገርዎ፦ ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ግራፉ እንዲናገርልዎ የሚፈልጉትን ነገር በአንድ የተሟላ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያም ማሰሪያ አንቀጹን ይመልከቱ። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ባሉበት አገር ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ንግግር ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ማስረዳት አያስፈልገኝም። ግራፍም እንደዚያው ነው። ዓረፍተ ነገርዎ «ይበልጣል» ወይም «ያንሳል» ብሎ ከታሰረ የሚያስፈልግዎት ባር ግራፍ ነው። «እየጨመረ መጣ» ወይም «ቀነሰ» ካለ የመስመር ግራፍ፣ «ይህን ያህል ድርሻ ይይዛል» ካለ ፓይ ቻርት ወይም የተደራረበ ባር (ክፍሎቹ በአንድ ባር ላይ ተደራርበው የሚታዩበት)፣ «ከገበሬ ገበሬ ይለያያል» ካለ ሂስቶግራም፣ «ይህ ሲጨምር ያም ይጨምራል» ካለ የነጥብ ግራፍ፣ «በዚህ በኩል ይበዛል» ካለ ደግሞ ካርታ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ለመጻፍ ከተቸገሩ ያ መረጃ ለግራፍ ገና አልደረሰም ማለት ነውና በሠንጠረዥ ይቆይ።

ከዘረዘሩት መረጃ አብዛኛው በ«ይበልጣል» እና በ«ያንሳል» የሚታሰር ስለሆነ ከባር ግራፍ ልጀምር። አሜሪካውያኑ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የሙከራ ውጤት፣ ሰዎች ከአንድ የጋራ መነሻ የሚለኩ ነገሮችን ሲያነጻጽሩ በጣም ጥቂት እንደሚሳሳቱ፣ የማዕዘንን ስፋት ሲያነጻጽሩ ግን ስሕተታቸው በጉልህ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ባር ግራፍ የተመሠረተው በመጀመሪያው፣ ፓይ ቻርት ደግሞ በአብዛኛው በሁለተኛው ላይ ነው። እኛም ይህን በኑሯችን እናውቀዋለን። ሦስት ወንድማማቾች ጤፋቸውን ወቅተው ጆንያዎቹን በአውድማው ዳር ጎን ለጎን ቢከምሩ፣ በመንገድ የሚያልፍ ጎረቤት አንድም ጆንያ ሳይቆጥር የማን ምርት እንደበለጠ ይናገራል። ይህን የሚችለው ሦስቱም ክምር የቆመው በአንድ ዝርግ መሬት ላይ ስለሆነ ነው።

ያ ዝርግ መሬት በግራፉ ላይ ዜሮ ነው። የባር ግራፍ ቋሚ ዘንግ ከዜሮ መጀመር አለበት የምንለውም ስለዚህ ነው፤ በዚህ ሕግ ላይ እኔ ምንም ዓይነት ልዩ ሁኔታ አልቀበልም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የትኛውንም ቀበሌ የማይመለከቱ ሦስት ቁጥሮችን እንውሰድ፦ በሄክታር 38፣ 40 እና 42 ኩንታል። ኤክሴል እንዲህ ያሉ ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲሰጡት አንዳንድ ጊዜ ራሱ በመረጠው ቁጥር፣ ለምሳሌ ከ36፣ ይጀምራል። በዚያ ግራፍ ላይ የመጀመሪያው ባር ቁመት 2፣ የሦስተኛው 6 ይሆናል፤ ሦስተኛው ቀበሌ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ያመረተ መስሎ ይታያል። እውነተኛው ልዩነት ግን ከመቶ 11 እንኳ አይሞላም። የሦስቱንም ወንድማማቾች ጆንያዎች ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ጫፋቸውን ብቻ እንደማሳየት ነው፤ ከአዳራሹ የሚወጣው የዚያ ቀበሌ ተወካይ ባልሠራው ጥፋት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ ግራፉ እንደወጣልዎ በመጀመሪያ የሚያዩት የዘንጉን መነሻ ይሁን።

ቀበሌዎቹን በፊደል ተራ አይደርድሯቸው፤ ከብዙ ወደ ጥቂት ይደርድሯቸው። የፊደል ተራ ስም ለሚፈልግ ይጠቅማል፤ ደረጃ ለሚፈልግ ግን ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ያንከራትተዋል። የቀበሌ ስሞች ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቃል ስለሚሆኑ ባሮቹን አግድም ያስተኟቸው፤ ስሞቹ ከግራ በኩል ሳይጣመሙ ይነበባሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚለካው ምን እንደሆነ ይወስኑ። ሰፊ መሬት ያለው ቀበሌ በጠቅላላ ኩንታል ምን ጊዜም ቀዳሚ ይሆናል፤ ያ ግራፍ የሚናገረው ስለ መሬቱ ስፋት እንጂ ስለ ገበሬው ብርታት አይደለም። ስለ ምርታማነት ሊናገሩ ከሆነ በሄክታር ያካፍሉት። መረጃው ከየቀበሌው ሲመጣ አንዱ በጥማድ፣ ሌላው በሄክታር መዝግቦ ሊሆን ይችላልና ከመሣልዎ በፊት መለኪያው አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ስንዴን፣ ጤፍንና በቆሎን በአንድ ግራፍ ላይ ለማሳየት ሲፈልጉ ኤክሴል ለየቀበሌው ሦስት ሦስት ባር ያቆምልዎታል። 14 ቀበሌ በ3 ሰብል ሲባዛ 42 ባር ነው፤ ይህን ከአዳራሽ ኋላ የተቀመጠ ሰው ሊያነበው አይችልም። ሦስት ትንንሽ ግራፎችን ጎን ለጎን ያድርጉ፤ በሦስቱም የቀበሌዎቹ ቅደም ተከተልና የዘንጉ ልኬት አንድ ይሁን።

ወደ ዝናቡ ልለፍ። ጊዜ የሚታይበት መረጃ የመስመር ግራፍ ነው። የመስመርና የባር ግራፍን በኅትመት ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባወጣው መጽሐፍ የእንግሊዝን የወጪና የገቢ ንግድ በየዓመቱ በመስመር ሣለ፤ ስለ ስኮትላንድ ግን የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለነበረው መስመር መሥራት አልቻለም፤ ስለዚህ ከየአገሩ ጋር የነበራትን ንግድ በባር አሳየ። የሁለቱ ግራፎች የሥራ ድርሻ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም። መስመር ሁለት ነጥቦችን ሲያገናኝ በመካከላቸው ጉዞ እንደነበር ይመሰክራል። ከ2015 ወደ 2016 ጉዞ አለ፤ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ቀበሌ ግን የለም። ቀበሌዎችን በመስመር ያያያዘ ሪፖርት በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ቀበሌዎቹን በሌላ ቅደም ተከተል ብንደረድራቸው ያ «ሲወጣና ሲወርድ» የሚታየው መስመር ሌላ መልክ ይይዛል፤ ስለዚህ ምንም ትርጉም የለውም።

የመስመር ግራፍ ከባር በተለየ ከዜሮ እንዲጀምር አይገደድም፤ በመስመር ላይ የምናነበው ቁመትን ሳይሆን አወጣጥንና አወራረድን ነውና። የደብረ ማርቆስን የሙቀት መጠን ከዜሮ ዲግሪ ጀምረው ቢሥሉት የወራቱ ልዩነት ተጨፍልቆ ይጠፋል። ዝናብ ግን እውነተኛ ዜሮ ያለው ነገር ስለሆነ ከዜሮ ቢጀምር ይሻላል።

አሁን በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥመውንና የውጭ መጻሕፍት የማያስጠነቅቁበትን ነገር ላንሣ። ወሮቻችን 12ቱ 30 ቀን ሲሆኑ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት። ወርኃዊ መረጃን በ13 ወር የሠራ ባለሙያ ጳጉሜን ላይ መስመሩ ወደ ጥልቅ ገደል ሲወርድና መስከረም ላይ ተመልሶ ሲወጣ ያያል። የወረደው ነገር የቀኑ ብዛት ብቻ ነው። ወይ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምረው በግርጌው ይግለጹ፤ ወይ ሁሉንም ወር በቀናቱ ብዛት አካፍለው በቀን አማካይ ያቅርቡ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ የተሸሸገ ነው። ከሜትሮሎጂ ጣቢያ የሚያገኙት የዝናብ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ወር የተጠቃለለ ነው። ብዙዎቻችን «ጁላይ» የሚለውን አንሥተን «ሐምሌ» ብለን እንተካዋለን። የፈረንጆቹ ጁላይ ግን ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ያለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ የሰኔ ነው። ክረምቱ በሚገባበት፣ ገበሬው «ዘንድሮ ዝናቡ ሰኔን ዘግይቶ ያዘ» እያለ በቀን በሚቆጥርበት አገር የአንድ ሳምንት መዛነፍ ቀላል አይደለም። የዕለት መረጃ ማግኘት ከቻሉ በእኛ ወር መልሰው ይደምሩት፤ ካልቻሉ የወሩን ስም እንዳለ «ጁላይ» ብለው ይተዉትና ከሥሩ የሚሸፍነውን ቀን ይጻፉ። በጀት ዓመትም እንዲሁ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የ2017 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ነውና፣ በበጀት ዓመት የተመዘገበውን የማዳበሪያ ሥርጭትና በመኸር የተመዘገበውን ምርት አንድ «2017» በሚል ምልክት ሥር ሲያስቀምጡ የተለያዩ የእርሻ ወቅቶችን እያጋቡ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

የ5 ዓመቱን ዝናብ በ5 የተለያዩ ቀለማት ቢሥሉ የተጠላለፈ ክር ይሆናል። ያለፉትን አራት ዓመታት በቀጭን ግራጫ፣ የዘንድሮውን በወፍራም ጥቁር ወይም ሰማያዊ ይሣሉ። ተመልካቹ ግራጫዎቹን እንደ ልማድ፣ ጥቁሩን እንደ ዘንድሮ ያነባቸዋል፤ «ዘንድሮ ክረምቱ ከልማዱ ዘግይቶ ገባ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ይታያል።

መረጃ ያልተሰበሰበባቸው ወራት ካሉ፣ በመንገድ መዘጋትም ይሁን በጸጥታ ምክንያት፣ መስመሩን በዚያ ቦታ ይቁረጡት። ባዶውን ሴል በዜሮ መሙላት «ዝናብ አልዘነበም» ብሎ መመስከር ነው፤ ሁለቱን ዳርቻዎች በመስመር ማገናኘት ደግሞ ያላየነውን አይተናል ማለት ነው። የተቆረጠ መስመር አያሳፍርም። ዘንጉ ላይ የሚቀመጡት ዓመታት ርቀታቸው እኩል ካልሆነም እኩል አድርገው አያስቀምጧቸው። በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በእነዚህ ላይ የዛሬውን ግምት አራተኛ ነጥብ አድርጎ በእኩል ርቀት ያስቀመጠ ሰው የመጨረሻውን ረጅም ዘመን ስለሚያሳጥረው ዕድገቱ በድንገት የተተኮሰ ያስመስለዋል።

ኤክሴል ላይ አንድ ነገር ግራ ሊያጋባዎት ይችላል፤ ዓመተ ምሕረቱ 2013፣ 2014 እየተባለ በመጀመሪያው ዓምድ ሲጻፍ ፕሮግራሙ እንደ መረጃ ይቆጥረውና በ2000 ከፍታ ላይ የተኛ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፤ የእርስዎ ምርት ደግሞ ከታች ተጨፍልቆ ይቀራል። ከዓመቱ ኋላ «ዓ.ም.» ብለው ቢጽፉበት ጽሑፍ መሆኑን ይረዳል።

ስለ ፓይ ቻርት ሲሆን የኃላፊዎን ፍላጎት አክብሬ ነው የምናገረው፤ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ክብነቱም እንጀራን ቆርሶ የማካፈል ያህል ለሁሉም ይገባል። «ከመቶ ይህን ያህል ድርሻ ይይዛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነተኛ ቤቱ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ክፍሎቹ ተደምረው አንድ ሙሉ ነገር፣ ማለትም 100 ከመቶ፣ መሆን አለባቸው፤ ቁጥራቸው ከአራት ወይም ከአምስት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ልዩነታቸውም በግልጽ የሚታይ መሆን ይኖርበታል። አንድ ከመቶ በክቡ ላይ 3.6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 22 ከመቶና 25 ከመቶ የሆኑ ሁለት ቁራሾችን በዓይን መለየት ለማንም ይቸግራል። የመጀመሪያው ሁኔታ በተለይ ይዘነጋል። ገበሬዎች «ዘንድሮ ምን ተጠቀማችሁ?» ተብለው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ኮምፖስት እያሉ ከአንድ በላይ መልስ ከሰጡ ድምሩ ከመቶ ያልፋል፤ ኤክሴል ግን ሳያስጠነቅቅ ክቡን ይሠራል፤ ያ ክብ ሐሰት ነው። እንዲህ ላለው መረጃ ባር ይጠቀሙ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተጋበዝሁበት አንድ ስብሰባ ላይ የነበረውን ልንገርዎ። አቅራቢው የ12 ቀበሌዎችን የማዳበሪያ ድርሻ በባለ ሦስት ገጽታ ፓይ ቻርት ይዞ ቀረበ። ቀለማቱ ያምሩ ነበር። የቀለማቱ መግለጫ በስተቀኝ በኩል በትንንሽ ፊደል ተዘርዝሯል፤ ሦስቱ አረንጓዴዎች በፕሮጀክተሩ ብርሃን አንድ ሆነዋል። በመካከል አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና «ልጄ፣ የእኛ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። አቅራቢው ወደ ማያ ገጹ ተጠግቶ በጣቱ ከመግለጫው ወደ ክቡ፣ ከክቡ ወደ መግለጫው እየተመላለሰ ቆይቶ አንዱን ቁራሽ አሳያቸው። ከወንበሬ ሆኜ ቁጥሮቹን ሳመሳክር ያሳያቸው የጎረቤቱን ቀበሌ ሆኖ አገኘሁት። እኚያ አባት ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማያ ገጹ ሲያዩ አላየኋቸውም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለ ራሳቸው መሬትና ስለ ራሳቸው ማዳበሪያ የተዘጋጀ መረጃ ነበር፤ ግራፉ ግን ከእጃቸው ነጠቃቸው።

ባለ ሦስት ገጽታው ችግሩን ያባብሰዋል። ክቡ እንዲጋደም ሲደረግ ወደ ተመልካቹ የቀረበው ቁራሽ ከነውፍረቱ ስለሚታይ ከእውነተኛ ድርሻው ይበልጥ ይገዝፋል፤ በስተኋላ ያለው ደግሞ ይጠብባል። ባሮችም በሦስት ገጽታ ሲሠሩ ጫፋቸው ከየትኛው የልኬት መስመር ጋር እንደተስተካከለ አይታወቅም። ኃላፊዎን ለማሳመን ግን ክርክር አያስፈልግዎትም። አንዱን መረጃ በሁለቱም መንገድ፣ በሚወዱት ፓይ ቻርትና በተደረደረ ባር፣ አትመው ይዘውላቸው ይግቡ፤ በሁለቱም ላይ ቁጥር አይጻፉ። «ሁለተኛ የወጣው የትኛው ቀበሌ ነው?» ብለው በአክብሮት ይጠይቋቸው። ይህን ሙከራ ያደረጉ የቀድሞ ተማሪዎቼ አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊዎቻቸው ራሳቸው ባሩን እንደመረጡ ነግረውኛል። ያም ሆኖ ፓይ ቻርት ከተፈለገ አንድ ቦታ ይስጡት፦ የወረዳው የታረሰ መሬት በጤፍ፣ በስንዴ፣ በበቆሎና «በሌሎች» ሲከፈል። እዚያ ያምርበታል። ስሙና ከመቶኛው ግን በቁራሹ ላይ ይጻፍ እንጂ በመግለጫ አይራቅ።

ከጠየቁኝ ውጭ አንድ ግራፍ ልጨምርልዎ፤ በወረዳ ሪፖርቶች ውስጥ ፈልጌ የማጣው እርሱን ነው። ሂስቶግራም ይባላል። ሲያዩት ባር ግራፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ባሮቹ ያለ ክፍተት ተያይዘው የቆሙ ናቸው፤ አግድም ዘንጉም ስም ሳይሆን ተከታታይ ቁጥር ነው፤ የእያንዳንዱ ባር ቁመት በዚያ የቁጥር ክልል ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ይናገራል። ጥቅሙ አማካይ የሚሸሽገውን ማውጣቱ ነው። በአንድ ቀበሌ 60 ገበሬዎች አሉ እንበል፤ ሠላሳዎቹ በሄክታር ወደ 20 ኩንታል፣ ሠላሳዎቹ ወደ 40 ኩንታል አገኙ። አማካዩ 30 ነው፤ በቀበሌው ግን 30 ኩንታል ያገኘ አንድም ገበሬ የለም። የአማካዩ ባር ግራፍ ይህን ቀበሌ «መካከለኛ» ብሎ ያልፈዋል። ሂስቶግራሙ ግን ሁለት ጉብታ ያሳይዎታል፤ ያኔ ጥያቄው ይለወጣል፦ ሁለተኞቹ መስኖ ያላቸው ናቸው? መሬታቸው ቀይ ነው ወይስ መረሬ? ዘሩ በጊዜ ደርሷቸዋል? የባለሙያ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሂስቶግራም ሲሠሩ የክልሎቹን ስፋት እኩል ያድርጉ። በእኛ አገር ደግሞ ሌላም ነገር ያስፈልጋል። ገበሬ ምርቱን ሲጠየቅ 20፣ 25፣ 30 ብሎ ያጠጋጋል፤ ዕድሜም ሲጠየቅ እንደዚያው ነው፤ በሕዝብ ቆጠራዎቻችንም በ0 እና በ5 የሚጨርሱ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው ጎልተው ይወጣሉ። ክልሎቹን ከ20 እስከ 24፣ ከ25 እስከ 29 ብለው ካበጁ 25 ያለው ሰው እውነተኛው 24 ቢሆንም ወደላይኛው ይገባል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድላል። ከ18 እስከ 22፣ ከ23 እስከ 27 ቢያደርጓቸው የተጠጋጉት ቁጥሮች በክልሉ መካከል ስለሚወድቁ ስሕተቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣጠናል። ቦክስ ፕሎት የሚባለው፣ አሜሪካዊው ጆን ቱኪ ያስፋፋው ግራፍም ሥርጭትን በአምስት ቁጥሮች ጠቅልሎ ያሳያል፤ ለባልደረቦችዎ ይሁን እንጂ ለዚህ አዳራሽ አልመክረውም።

«ዝናቡና ምርቱ በአንድ ግራፍ» ያሉትን እዚህ ላይ ልመልስ። ኤክሴል በግራ አንድ ዘንግ፣ በቀኝ ሌላ ዘንግ አድርጎ ሁለቱን መስመሮች ያነባብርልዎታል። አይቀበሉት። አንዱ በሚሊሜትር፣ ሌላው በኩንታል የሚለኩ ስለሆኑ ሁለቱ መስመሮች የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ የሚወስነው መረጃው ሳይሆን የእርስዎ የዘንግ ምርጫ ነው። የቀኙን ዘንግ ትንሽ ቢዘረጉት ምርቱ ዝናቡን የተከተለ፣ ቢያጠቡት ከዝናቡ የራቀ ያስመስሉታል። ሁለት ግራፎችን አንዱን ከአንዱ በላይ ያስቀምጡ፤ የዓመታቱ ዘንግ አንድ ይሁን፤ ዓይን ከላይ ወደታች ወርዶ ራሱ ያመሳክራል።

ዓረፍተ ነገርዎ በእርግጥ «ዝናብ ሲጨምር ምርት ይጨምራል» ከሆነ ግን ትክክለኛው የነጥብ ግራፍ ነው። አንዱን በአግድም፣ ሌላውን በቋሚ ዘንግ አድርገው ለእያንዳንዱ ዓመት ወይም ቀበሌ አንድ ነጥብ ያሳርፉ። ከዓባይ በረሃ ተነሥተው ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን እያለፉ እስከ ጮቄ ተራራ ባሉት ቦታዎች ከፍታንና የሙቀት መጠንን እንዲህ ቢያሳርፉ፣ ነጥቦቹ ወደታች የሚወርድ ግልጽ መስመር ይሠራሉ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ። የእርስዎ ዝናብና ምርት ግን አምስት ነጥብ ብቻ ነው። በአምስት ነጥብ «ግንኙነት አለ» ማለት ድፍረት ነውና ወደ ቀበሌ ደረጃ ወርደው ነጥቦቹን ማብዛት ከቻሉ ያብዟቸው። ግንኙነት ቢታይም ምክንያቱን ነጥቡ አይነግርዎትም፤ አጎበር በብዛት የተሠራጨባቸው ቀበሌዎች ወባም የሚበዛባቸው ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ አጎበሩ ወባን አላመጣም፤ ወባ ስላለ ነው አጎበር የተላከው። ቁጥሩን ብቻ ከማየት ይልቅ ነጥቦቹን መሣል ለምን እንደሚያስፈልግ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 በአራት አነስተኛ የመረጃ ስብስቦች አሳይቷል፤ አማካያቸውም ሆነ የግንኙነት መጠናቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሲሣሉ ግን አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የጎበጠ፣ ሌሎቹ በአንድ ያፈነገጠ ነጥብ የተጎተቱ ናቸው።

ካርታ ለእርስዎ ጥያቄ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን የኮሌራ ሟቾችን ቤት በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ በማየት ሞቱ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ እንደከበበ እንዳሳየ፣ «የት» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ካርታን የሚተካ የለም። ቀበሌዎችን በቀለም ድምቀት ሲለዩ ግን ሰፊና ሰው የሳሳበት ቆላ ቀበሌ ዓይንን ሁሉ እንደሚስብ ያስታውሱ፤ በዚህም ላይ ጠቅላላ ቁጥርን ሳይሆን በሄክታር ወይም በሰው የተካፈለውን ይቀቡ።

የግራፍዎ ርዕስ አስቀድመው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ራሱ ይሁን። «የ2017 የስንዴ ምርት በቀበሌ» ከሚል ርዕስ «በሄክታር ከፍተኛውን ስንዴ ያገኙት የደጋ ቀበሌዎች ናቸው» የሚለው ይሻላል፤ መረጃው ያንን ካሳየ ማለቴ ነው። መለኪያውን በዘንጉ ላይ፣ የመረጃውን ምንጭና ስንት ገበሬ እንደተጠየቀ በግርጌው ይጻፉ። ሪፖርቱ በፎቶ ኮፒ መባዛቱ ስለማይቀር በጥቁርና ነጭ አትመው ይሞክሩት፤ ቀይና አረንጓዴ በኮፒ ማሽን አንድ ግራጫ ይሆናሉ፤ ሁለቱን ቀለማት በተፈጥሮ የማይለዩ ሰዎችም በመካከላችን አሉ። መብራት ቢጠፋ ስብሰባው እንዳይበተን ዋና ዋናዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ግራፎች በፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ በማርከር ይሣሏቸው፤ ባር ግራፍ በእጅ ሲሣል ምንም አይጎድልበትም።

ሙሉ ሠንጠረዡን ከሪፖርቱ ኋላ ያያይዙ። ግራፉ ዓረፍተ ነገሩን ይናገራል፤ የቀበሌ ተወካዩ ግን የራሱን ቀበሌ ቁጥር በትክክል ማወቅ መብቱ ነው፤ «የእኛ የቱ ነው?» ብሎ የሚነሣ ሲኖር ባሩን በጣትዎ አሳይተው ቁጥሩን ከሠንጠረዡ ላይ ያንብቡለት።